አራሷን ያስቸገርኳት እኔ ነኝ

የአሰላ ልጅ ስለ እንስሳት እርባታ አላውቅም ቢል የሚያምነው የለም። ካዱ የሚባለው የእርሻ ልማት ድርጅት በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድኖች ድጋፍ ሥራ ሲጀምር ምርጥ ዘርና የተዳቀለ ላም ለአርሲ ገበሬ ያዳረሰው ከዚሁ ከተማ ተነስቶ ነው፤ የቁሉምሳ ምርምር ማዕከልም ከደጃችን አይርቅም። እኔ ደግሞ ይህ ሁሉ እውቀት ከጭላሎ ተራራ ነፋስ ጋር በአፍንጫዬ የገባ ይመስል፣ ከአዲስ አበባ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጥንቸል በካርቶን ይዤ ከች አልኩ። "ምን ያስቸግራል? ሣር ትበላለች፣ ትወልዳለች።" እሷ ሁለቱንም አሳምራ አደረገች። የጠፋው የእኔ ድርሻ ነው።

ጎረቤቶቼ መጀመሪያ የጠየቁኝ ማን እንደሚበላት ነበር። እውነታቸውን ነው። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ከሽኮኮ አጠገብ ተጽፋ ከማይበሉት ተመድባለች፤ የኦርቶዶክስ ምእመን ቤት ድስት ውስጥ አትገባም። "ሙስሊሞች ይበሉ የለ፣ አዲስ አበባ ያሉ ፈረንጆችም አሉ" ብዬ መለስኩ። አንድም ፈረንጅ አላውቅም።

ጥንቸል የምታረግዘው 31 ቀን ያህል ነው። የመውለጃው ሳጥን የሚገባላት ወደ መጨረሻው፣ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው። እኔ ግን ቸር ሰው ነኝና ከወንዱ በተለየች ማግስት አስገባሁላት። ጥሩ ጣውላ ነው፣ አናጺው ራሱ ተደንቆበታል። እሷም ተቀበለችኝ፤ ሽንት ቤት አደረገችው። ያለጊዜው የገባ ሳጥን ዕጣው ይህ መሆኑን ቆይቼ ነው የሰማሁት።

ከዚያ አንድ ቀን ከሆዷና ከአገጯ ሥር ፀጉሯን እየነጨች፣ በአፏ ሙሉ ይዛ ወደ ጥግ ስታመላልስ አየኋት። እከክ! ሮጬ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ገባሁ። ሻጩ "ለበግ ነው?" ሲለኝ፣ ጥንቸል ማለት አፍሬ "አዎ፣ ለበግ" አልኩት። "ስንት ኪሎ ትሆናለች?" አለኝ። "ገና ትንሽ ናት።" ቤት ስደርስ መድኃኒቱ ከመቀባቱ በፊት ጽዳት ይቅደም ብዬ፣ የነጨችውን ፀጉር አንድ ሳላስቀር ጠርጌ ጣልኩት። የልጆቿ ብርድ ልብስ ነበር።

በዚያው ሌሊት ወለደች። ወሩ ኅዳር ነው፤ አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗንና ኅዳር ላይ ውርጭ እንደሚጥል እንኳን እኔ፣ የዓምናው ገብስ ያውቃል። ጠዋት የቤቷ ባዶ የሽቦ ወለል ላይ ያገኘኋቸው ጣት የሚያህሉ፣ ፀጉር አልባ፣ ዓይናቸው የተከደነ፣ ቆዳቸው ከመሳሳቱ የተነሳ ሆዳቸው ውስጥ ያለው የሚታይ ፍጥረቶች ነበሩ። ጨንግፋለች አልኩ። ልጅ ሆኜ ገብስ ማሳ ውስጥ ያየሁት የዱር ጥንቸል ልጅ ፀጉሩን ለብሶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ነበርና። ያ ግን ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ የትም የማይገኘው የእኛው ዘር ነው፤ ሜዳ ላይ ስለሚወለድ ለሩጫ የተሰናዳ ነው። የቤቷ ጥንቸል ዘሯ ከስፔንና ከፖርቱጋል ነው፤ ጉድጓድ ቆፍራ፣ ፀጉሯን አንጥፋ የምትወልድ። የእኔዋ ሁሉንም አዘጋጅታ ነበር፤ በመጥረጊያ የመጣሁት እኔ ነኝ። ከፊሎቹ ደርቀው ቀሩ። የቀሩትን ሹራቤ ውስጥ ከትቼ ምድጃ ዳር ሳሞቃቸው መላወስ ጀመሩ።

እዚህ ላይ ቢበቃኝ ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን እኛ አገር አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ገንፎ ይገነፋል፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይባላል። እኔም የገብስ አጥሚት ቀጭን አድርጌ አቀረብኩላት። በአፍንጫዋ ደፋችው። የምታጠባ ጥንቸል ከሁሉ በላይ የምትፈልገው ንጹህ ውሃ ነው፤ የውሃ ዕቃዋ ውስጥ ደግሞ አጥሚቴን ሞልቼበታለሁ።

ከሁሉ የባሰው ስሟን ማጥፋቴ ነው። ቀኑን ሙሉ አንዴም ልጆቿ ላይ አልተኛችም፤ ጥግ ይዛ ሣሯን ታኝካለች። "እናትነት የጎደላት ናት" ብዬ ለሰፈሩ አወራሁ። ጎረቤቴ እማማ "ሌሊት ነቅተህ አይተሃታል?" አሉኝ። አላየሁም። ጥንቸል በሃያ አራት ሰዓት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጨለማ፣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ብቻ ታጠባለች። ስቡም ፕሮቲኑም ከላም ወተት ሦስት እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ ግልገሉ በዚያች ቅጽበት የክብደቱን አንድ አምስተኛ ያህል ጠጥቶ እስከ ማግስቱ ይተኛል። የምትርቀውም ጠረኗ አውሬ እንዳይጠራባቸው ነው። ይህን ሳላውቅ የላም ወተት በጠብታ መስጫ አጠጣኋቸው። ሆዳቸው ተነፋ፣ ተቅማጥ ያዛቸው። ከምድጃው የተረፉት በወተቴ አለቁ። ገዳይ ማን እንደሆነ ሰፈሩ አልጠየቀም፤ እናትየዋን ከስሼ ጨርሼ ነበር።

በሁለተኛው ወሊድ ሳጥኑን በጊዜው አስገባሁ፣ የደረቀ ሣርና የገብስ ገለባ ሞላሁበት፣ መጥረጊያውንም ባለቤቴ ደበቀችው። ሥራዬ በቀን አንዴ፣ ጧት፣ ፀጉሩን ገለጥ አድርጎ ሆድ ማየት ብቻ ሆነ፦ ክብና የተወጠረ ከሆነ ጠብቷል፣ ከተጨማደደ አልጠባም፣ የሞተ ካለ ይወጣል። ጡት ላይ ተንጠልጥሎ ከሳጥኑ የወጣውን የምትመልስ እናት ስላልሆነች፣ እሱን መመለስም የእኔ ነው። የሰው እጅ ከነካቸው ትጥላቸዋለች የሚባለው ውሸት ነው። ይህን ማወቄ ግን ለሌላ ጥፋት ዳረገኝ፤ ይቻላል ተብሎ የለ፣ ማታ ማታም በሞባይል መብራት እያጮለቅኩ ቆጠርኳቸው። እናትየዋ በእግሯ መሬት ትደበድባለች። ተቃውሞ መሆኑ ገብቶኛል፤ ሰምቼ ግን አላውቅም።

ዓይናቸው በአሥር፣ በአሥራ ሁለት ቀን ተገለጠ። መጀመሪያ ያዩት የእኔን ፊት ነው፤ ምን ይደረግ።

ትንሽ ከፍ እንዳሉ ለሥራ ባልደረባዬ "ወንድና ሴት" ብዬ ጥንድ ሸጥኩ። ሁለቱም ወንድ ሆነው ጆሮ ለጆሮ ተበጣጥሰው አገኛቸው። በትንሽነታቸው ጾታ መለየት ልምድ ይጠይቃል፤ እኔ የጠየቅሁት ገንዘብ ብቻ ነበር።

አሁንም ስድስት ሳምንት የሞላቸው፣ ሣርና ፉርሽካ የለመዱ ጤነኛ ግልገሎች አሉኝ። የምትፈልጉ ኑና ውሰዱ፤ ወንድና ሴቱን የሚለይላችሁን ሰው ግን ራሳችሁ ይዛችሁ ኑ።