ለቆላው ተራቢ

«ሴት በማጀት እንጂ በምኔት አታዝም» አልከኝ፣ እዚህ ቆላ ሽንፋ ላይ ቡና እየጠጣን። ሰው ሳቀልህ። እኔ አልሳቅሁም፤ መልስህን ተቀበል።

ሴት ካላዘዘች «እመምኔት» የሚለው ቃል ከየት መጣ? አበምኔት የአባት፣ እመምኔት የእናት ነው። አፍህን የፈታህበት ቋንቋ የሚያውቀውን አንተ ካድህ።

«የመኳንንት ልጅ ገዳም የምትገባው ድግስ ሲሰለቻት ነው» ብለህ ቀጠልክ። የመኳንንት ልጅ የነበረችውን እመምኔት ወለተ ጴጥሮስን ያስመረራት ድግስ ሳይሆን ደም ነው። ዘመኑን በፈረንጅ ልቁጠርልህ። በ1592 ከመኳንንት ተወልዳ የአፄ ሱስንዮስን ሹም መልክአ ክርስቶስን አገባች። ሦስት ልጆቿ በሕፃንነታቸው ሞቱ። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ሲያዘነብል በተነሣው ጦርነት፣ በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ተገደሉ፤ ባሏ ከንጉሡ ወገን ነበር። ደም የነካው እጅ ማስታጠብ አልሆነላትም። ቤቱንም ማዕረጉንም ትታ መነኮሰች። አንተ እስቲ ለሃይማኖትህ ስትል አንድ ኩንታል ሰሊጥ ተው!

«ብትመራም ሴቶችን ነው» አልክ። ኋላ በመሠረተቻቸው ማኅበሮች ወንዶች መነኮሳትም ነበሩ፤ እናታችን እያሉ ይታዘዙላት ነበር። ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። በእንግሊዝ አገር የንጉሥ ዘመድ የነበረችው ሂልዳ በ657 ዊትቢ ላይ ገዳም መሥርታ ወንዱንም ሴቱንም መርታለች። ከገዳሟ አምስት ጳጳሳት ወጥተዋል። አምስት ጳጳስ ያሳደገችን ሴት ማጀት ግቢ ልትላት ነው?

መጨረሻ ላይ «በዚህ ሐሩርና ወባ ማን ይመንናል?» አልከኝ። ወንድሜ፣ የቆምክበት መሬት ከዳህ። የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ወለተ ጴጥሮስን ቢያስተምራት አልበገር አለች፤ ንጉሡም አጋዛት። ወዴት? ደጋ እንዳይመስልህ! ወደ ዠበይ፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ ወዳለው ቆላ። ሦስት ዓመት ተቀመጠች። ሰው ግዞት ድረስ ተከተላት። ከሰባቱ ማኅበሮቿ የመጀመሪያው የተተከለው በዚያው በግዞት ቆላ ነው። ይህ ቆላ በሰሊጥና በኬላ ብቻ ሲነሣ ሆዴን የሚበላኝ ለዚህ ነው።

«ስትሞት ለወንድ ተወችው» እንዳትለኝ ደግሞ። በ1642 ስታርፍ ማኅበሩን የተረከበችው የልብ ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስ ናት። ገድሏን በ1672 የጻፈው ግን ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ነው። ወንድ ነው፤ ብዕሩን ሲያነሣላት አላፈረም።

ሰሊጥህን ሸጠህ ወደ ጣና ስትወጣ ቆራጣ ጎራ በል። በስሟ የሚጠራው ገዳም እዚያ ነው። ጫማህን አውልቀህ ተሳለም።