«ዋሽንግተን እመጣለሁ» ላሉት አጎቴ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለተከበሩት ጋሼ፣

   ቪዛዎ መመታቱን የሰማን ዕለት ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ማታ ደውለው «እንግዲህ ዋሽንግተን እመጣለሁ፤ ኤርፖርት ወጥታችሁ ተቀበሉኝ» ሲሉን ግን እልልታው ወደ ስብሰባ ተለወጠ። የትኛው ዋሽንግተን? የትኛው ኤርፖርት? በስልክ ባስረዳዎ «ይሁን፣ ይሁን» ብለው እንደሚያልፉኝ ስለማውቅ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ።

አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ቦሌ ይወርዳል፤ ሌላ ቦታ ልውረድ ቢል የሚሰማውም የለ። እዚህ ዋና ከተማው ሦስት አውሮፕላን ማረፊያ አለው። ሦስቱም በስሙ ይነግዳሉ፣ አንዳቸውም ግን ከተማው ውስጥ አይደሉም። ሁለቱ ቨርጂኒያ፣ አንዱ ሜሪላንድ ነው ያሉት።

የእርስዎ ደለስ ነው። ከቦሌ የሚነሣው የኛ አውሮፕላን የሚያርፈው እዚያ ነው። ከመሃል ከተማው ወደ 42 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1962 ሲከፈት ዙሪያው ገጠር ነበር። ሕንፃውን ኤሮ ሳሪነን የሚባል ስመ ጥር አርክቴክት ነው የነደፈው፤ ውበቱን አልክድም። መንገደኛው በእግሩ ብዙ እንዳይደክም ተብሎ ግን በጎማ የሚሄድ ሳሎን ተሠራለት። ጋሼ፣ ከአውሮፕላኑ ወርደው የገቡበት ክፍል ድንገት መንቀሳቀስ ቢጀምር በስመ አብ ብለው አይጩኹ። መኪና ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ደግሞ ቲኬት ቆራጩ «ዳላስ» ብሎ ቴክሳስ እንዳይልክዎ፤ በኛ አፍ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ሁለተኛው ናሽናል ነው። በፈረንጆቹ 1998 የፕሬዝዳንት ሬገን ስም ተጨመረለት፤ የከተማው ነባር ሰው ግን እስከ ዛሬ ናሽናል ነው የሚለው። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ ከመሃል ከተማ በሜትሮ ባቡር ጥቂት ደቂቃ ላይ ነው። ሁሉም እዚያ መውረድ ይመኛል፣ ሕጉ ግን ጥብቅ ነው። ከ1,250 ማይል፣ ማለትም ከ2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ያለ ማቋረጥ የሚበር አውሮፕላን አይስተናገድበትም፤ የአሜሪካ ምክር ቤት በልዩ ሁኔታ ከፈቀደለት በቀር። እንደራሴዎቹ ራሳቸው ወደየመራጮቻቸው የሚበሩት ከዚያ ስለሆነ ልዩ ሁኔታው ከጊዜ ወደ ጊዜ መብዛቱ አልገረመኝም። ሰው የትም ሰው ነው። እርስዎ ግን ናሽናል ልውረድ ቢሉም አይሆንም፤ በኛ አውሮፕላን ከቦሌ ወደዚህ የሚመጣ መንገደኛ ፓስፖርቱ የሚታየው ደለስ ነው።

ሦስተኛው የባልቲሞር ነው፤ ስሙ ላይ ዋሽንግተንን ለጥፏል። ለአገር ውስጥ በረራ ርካሽ ቲኬት የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፣ ለእኛ ሰፈርም አይከፋም። አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት ከሌላ ክፍለ ሀገር ሲመጡ እዚያ ወረዱ። ልጆቻቸው አበባ ታቅፈው ደለስ ቆመዋል። እሳቸው ባልቲሞር ወንበር ላይ ተቀምጠው ለጥበቃው ዳቦ ቆሎ ያቀምሱታል። ልጆቹ ሁለት ክፍለ ሀገር አቋርጠው፣ በቤልትዌይ ቀለበት መንገድ መኪና ሲጋፉ አምሽተው ሲደርሱ ጥበቃው እማማ ማለት ለምዶ ነበር።

የአክስቴ ልጅም ነገር አለ። «ዋሽንግተን ነው የምኖረው» ስላለዎት «እናንተ ዘንድ ካረፍኩ በኋላ ከምሳ መልስ ብቅ ብዬ አየዋለሁ» ብለዋል። ጋሼ፣ የእሱ ዋሽንግተን ሲያትል ያለችበት ክፍለ ሀገር ነው፣ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳር። ከእኛ 3,700 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከአዲስ አበባ ዱባይ ይቀርባል። ሰዓቱም በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ እኛ ምሳ ስንበላ እነሱ ቁርስ ላይ ናቸው።

ስለዚህ የከተማ ስም አይመኑ፤ ቲኬቱ ላይ ያሉትን ሦስት ፊደላት ይመልከቱ። አይ ኤ ዲ ካለ ደለስ፣ ዲ ሲ ኤ ካለ ናሽናል፣ ቢ ደብሊው አይ ካለ ባልቲሞር ነው። እዚህ አገር ፖርትላንድ እንኳ ከአንድ በላይ ነው፤ ፒ ዲ ኤክስ የኦሪገኑ፣ ፒ ደብሊው ኤም የሜይኑ፤ አንዱ በምዕራብ ጫፍ፣ ሌላው በምሥራቅ። የሲንሲናቲ ከተማ ኦሃዮ ናት፣ አውሮፕላን ማረፊያዋ ግን ወንዙን ተሻግሮ ኬንታኪ ነው ያለው። ማንም ምንም አይለውም።

ቲኬት ቆራጩ በአውሮፓ በኩል አገኘሁልዎ ያለው ርካሽ ቲኬት ኒው ዮርክ ላይ ኬኔዲ አውርዶ ከላጋርዲያ ያሳፍርዎታል። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው፤ እርስዎ፣ ሻንጣዎና የእትዬ በርበሬ ከአንዱ ወደ ሌላው በታክሲ ትንከራተታላችሁ። ያተረፉት ገንዘብ እዚያው ታክሲው ላይ ያልቃል። አሜሪካ ውስጥ አውሮፕላን የሚቀይር ሰው ደግሞ ቲኬቱ እስከ መጨረሻው ቢቆረጥም፣ ሻንጣውን መጀመሪያ የገባበት ላይ አንሥቶ በጉምሩክ አልፎ እንደገና ማስረከብ አለበት። ቋንጣውን ቤት ይተዉት። ሥጋ አያሳልፉም፤ ደብቀው ከተያዙም ቅጣት አለው። በርበሬውንና ሽሮውን ቢጠይቁዎ አለ ብለው ይናገሩ።

የኛው አውሮፕላን ቀጥታ ነው ተብለው መንገድ ላይ አንድ ቦታ ቢያርፉም አሜሪካ የደረሱ መስሎዎት እንዳይነሡ። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ አውሮፕላን ሰውና ዕቃ ሞልቶ ለሩቅ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ ለመነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ወደዚህ ሲመጣ መሃል ላይ ያርፋል። ሲመለስ ግን አንድ ጊዜ በርሮ ቦሌ ይገባል፤ መጓዙን ሳይሆን መመለሱን ያቀለለልን ይመስላል።

ቲኬቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 7 ሰዓት ጠዋት ካለ በኛ አንድ ሰዓት ነው። ይህን ለእትዬም ይንገሯት፤ ሸኚው ሁሉ ከሰዓት በኋላ ቦሌ እንዳይሰለፍ።

በሉ ጋሼ፣ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ቲኬቱን ለልጆቹ ሰጥተው በስልክ ፎቶ ያስነሡና ይላኩልኝ። አይ ኤ ዲ የሚል ካየሁ በዕለቱ ደለስ እገኛለሁ፤ ሌላ ፊደል ካየሁ ግን እንዳይከፍሉ።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ