ሽማግሌዎቻችንን እንደ ቢሮ ቁጠሩልን

ቁጥር፦ ገና ያልተሰጠው
ቀን፦ በጀት ሳይዘጋ

ለወላይታ ሶዶ ከተማ አስተዳደር ካቢኔ
ወላይታ ሶዶ

ጉዳዩ፦ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ግዢንና የቦታ መረጣን ይመለከታል

ክቡራን የካቢኔ አባላት ሆይ፣

ከተማችን ደህና ናት። የኮሪደር ልማቱ መንገድ ማታ ማታ ያበራል፤ አግዳሚ ወንበሮቹም ተቀማጭ አላጡም። አንዳንዱ ተቀማጭ እንዲያውም ሲመሽም አይነሣም፤ የሚሄድበት ስለሌለው ነው።

ሶዶ በቂ የአረጋውያን መኖሪያ የላትም እያሉ ስማችሁን በክፉ የሚያነሡ እንዳሉ ሳትሰሙ አትቀሩም። እኔ በዚህ አልስማማም። የመናኸሪያው አጥር ሥር ምንድን ነው? የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍስ? ገበያው ውስጥ ሱቅ ሲዘጋ የሚከፈተው በረንዳስ? እነዚህ ሁሉ ያለ ጨረታ የተገኙ፣ ያለ ሪባን ሥራ የጀመሩ፣ የጥበቃና የጽዳት መደብ የማይጠይቁ ተቋማት ናቸው። አልጋቸው ካርቶን ነው፤ ለካርቶን ደግሞ ሞዴል 19 አይቆረጥም። ኦዲተር መጥቶ ቢቆጥር አንዲት ጉድለት አያገኝም። የቅበላ ሥርዓታቸውም ቀልጣፋ ነው። ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከሳውላና ከታርጫ የሚመጡት መንገዶች እዚሁ ስለሚገናኙ መኪናው ያወርዳል፣ በረንዳው ይቀበላል። የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ የሚል የለም።

ጥረታችሁንም አልክድም። ክረምት በመጣ ቁጥር የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል። ኃላፊዎች በሙሉ ልብስ ሆነው ቆርቆሮ ሲመቱ የሚያሳየው ፎቶ ከዓመት ዓመት እየጠራ መጥቷል፤ ድሮ ምስማሩ አይታይም ነበር፣ አሁን ይታያል። በበዓልም ማዕድ ይጋራል። አንድ ዶሮ፣ አምስት ሊትር ዘይትና አሥራ አምስት ኃላፊ በአንድ ፎቶ ውስጥ ሲገቡ ማየት ለዓይን ደስ ይላል። ችግሩ አዛውንቶቹ ከበዓል በኋላም የመራብ ልማድ ያላቸው መሆኑ ነው፤ በዚህ ላይ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ቢሰጣቸው ጥሩ ነበር።

«በጀት የለም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት አላችሁ። በ2016 ዓ.ም. የዞናችን መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸውን ምን ያህል እንደጠበቁ አገር ያውቃል፤ ያልተከፈለው መምህር ባለበት ስለ አዛውንት አልጋ መናገር ድፍረት ይመስላል። ነገር ግን በአገራችን ሰኔ የሚባል ተአምረኛ ወር አለ። ከመስከረም እስከ ግንቦት የጠፋ ገንዘብ በሰኔ ይገኛል። ተመላሽ እንዳይሆን በፕሮፎርማ ወንበር ይገዛል፣ መጋረጃ ይለወጣል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል። ስለዚህ የአረጋውያኑን መኖሪያ በግዢ ዕቅዱ ላይ በስሙ አትጻፉት። «ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ» ብላችሁ አስገቡት። ተሽከርካሪ «የአገሪቱ አቅም እስኪፈቅድ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ግን ለአረጋውያን፣ ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች፣ አሳዳጊ ለሌላቸውም ሕፃናት የሚደረገውን እንክብካቤ ከአገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም ጋር አስሮታል። ፒክአፕ ሕገ መንግሥት ውስጥ ስላልተጻፈ ነው መሰል አቅም አያጣም።

ግዢው ከተፈቀደም አንድ ነገር ልለምን፦ ፍራሹን በዝቅተኛ ዋጋ አታወዳድሩት። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸናፊ የሚያመጣው ስፖንጅ ለሥልጠና ለመጣ ሰው ሦስት ሌሊት ይበቃል። ቀኑንም ሌሊቱንም ለተኛ ሰው ግን በሁለተኛው ወር ወለል ይሆናል፤ ከወለሉ ቀጥሎ የሚመጣው የጀርባ ቁስል ነው። የቁስሉ መድኃኒት በሌላ የበጀት ኮድ ስለሚገዛ የፍራሹ ግዢ «ቁጠባ ተገኝቶበታል» ተብሎ በሪፖርት ይቀርባል። ሽንት ቤቱም እንዲሁ። ቁጢጥ ማለት ለማይችል ጉልበት መቀመጫና የግድግዳ መያዣ ብረት ያስፈልጋል። ይህ በጨረታ ሰነዱ ካልተጻፈ ተቋራጩ ከኪሱ አይጨምርም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር የሚሄድ ሰው የሚገባበት ይሁን ብሎ ነበር። እኛ አዋጁን አክብረን ዊልቸሩን በሥነ ሥርዓት እናድላለን፤ ደረጃውንም ሳንነካ እንተወዋለን።

ፒክአፑ ካልተሳካ ቢሮ መሆን ይቻላል። ነሐሴ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አርባ ምንጭ ላይ ሲመሠረት መሥሪያ ቤቶቹ ለስድስት ከተሞች ተደለደሉ፤ ለሶዶ፣ ለአርባ ምንጭ፣ ለዲላ፣ ለሳውላ፣ ለጂንካና ለካራት። የርዕሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ለእኛ ደረሰ። ለዚህ ክልል ሁለት ጊዜ ተሰልፈን ድምፅ ሰጥተናል፤ በዚያው ዓመት ጥር 29 ቀን የሰጠነው በዞናችን ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን ደገምነው። በምርኩዝ የመጡትም ከነምርኩዛቸው ደገሙት። ከዚያ ወዲህ ስንት ቢሮ፣ ስንት ኤጀንሲ መጣ! ለአንዱ ቤት ተለቀቀለት፣ ለአንዱ ተከራዩለት። እስከ ዛሬ አንድም ቢሮ በረንዳ ላይ አላደረም።

እንግዲያው አዛውንቶቹን ቢሮ አድርጓቸው። ማኅተም ይቀረጽላቸው፣ የሥራ መደብ ይጠናላቸው። ድልድሉም እንደ ክልሉ ፍትሐዊ ይሁን፦ አልጋው ዲላ፣ ማዕድ ቤቱ ጂንካ፣ መመገቢያ አዳራሹ አርባ ምንጭ፣ ሐኪሙ ሳውላ፣ ሽንት ቤቱ ካራት። ለሶዶ ታፔላውና የምረቃው ሪባን ይቅርልን፤ እኛ ስስታሞች አይደለንም። አንድ ሽማግሌ ዲላ ነቅተው፣ ቁርስ አርባ ምንጭ ቀምሰው፣ ካራት ደርሰው ለመመለስ መንገዱ ቢረዝምባቸው የውሎ አበል ይታሰብላቸዋል። ምናልባት በዚህች አገር አዛውንት አበል የሚያገኝበት ብቸኛው መንገድ ይህ ሊሆን ይችላል።

ወደ ቦታ መረጣው ልግባ፤ ዋናው ነገሬ እሱ ነው።

በየከተማው ኮሚቴ ተቋቁሞ ለእንዲህ ያለ ቤት ቦታ ሲፈለግ የሚጻፈው ምክንያት አንድ ዓይነት ነው፦ ሰፊ ቦታ፣ ንጹሕ አየር፣ ጸጥታ። ጸጥታውን የሚፈልገው ማን እንደሆነ ቃለ ጉባኤው ላይ አይሰፍርም። እኛም አገር ሰፊ ቦታና ንጹሕ አየር ሲባል ዓይን ወደ ዳሞታ ይሄዳል። ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ተራራ ነው፤ አየሩ በእርግጥ ንጹሕ ነው፣ ጉሙም አይጠፋም፣ ባጃጅ ግን አቀበቱ ጋ ሲደርስ ሐሳቡን ይቀይራል። እዚያ የተቀመጠን ሰው ዘመድ በዓመት አንዴ ይጠይቀዋል፤ ኃላፊም በዓመት አንዴ፣ ያውም ካሜራ ሲኖር። ከዚያ በኋላ «ማዕከሉ ተገንብቷል» ይባላል። ሰዎቹም በከተማው ውስጥ አይታዩም። ይህ ለኮሪደሩ ውበት ይጠቅም ይሆናል።

ክቡራን ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ አዲስ ጥናት አያስፈልግም፤ ተጠንቶ አልቋል። አጥኚዎቹ አበል ያልበሉ፣ ወደ ሐዋሳ ለልምድ ልውውጥ ያልሄዱ ሰዎች ናቸው። እነዚያው በረንዳ ላይ የሚያድሩት ናቸው። የትም መተኛት ሲችሉ ገበያውን፣ መናኸሪያውንና የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ መረጡ። ለምን? ሰው ስለሚያልፍ ነው። ከሚያልፈው ሰው አንዱ ያውቃቸዋል፣ አንዱ ዳቦ ይሰጣቸዋል፣ አንዱ ወድቀው ሲያይ ወደ ኦቶና ሆስፒታል ይወስዳቸዋል። ለአንዲት አሮጊት ከአጥርና ከሰፊ ግቢ ይልቅ «እንዴት አደርሽ እናቴ» የሚላት ሰው ያስፈልጋታል። ይህን ያወቁት በብርድ ነው፤ የእኛ ባለሙያ በሙቅ አዳራሽ አላወቀውም።

ከየት መጡ ብላችሁም አትጠይቁ፤ ታውቃላችሁ። ወላይታ በአገሪቱ ሰው ከተጨናነቀባቸው ገጠሮች አንዱ ነው። የአያት ማሳ ለልጅ ተከፍሎ፣ ለልጅ ልጅ ተሸንሽኖ የእጅ መዳፍ አከለ። ወጣቱ ሊስትሮ ወይም የቀን ሠራተኛ ሊሆን ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ እንሰቱና አያቱ ቀሩ። በገጠሩ ሴፍቲኔት ውስጥ ጉልበት ለሌለው የሚሰጥ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ አለ፤ ነገር ግን የተቀባዩ ስም ከቀበሌው መዝገብ ጋር የታሰረ ነው። አያት ታመው ሶዶ ሲመጡ ስማቸው ገጠር ይቀራል፣ ሆዳቸው ከተማ ይገባል።

የሰፈር ሰው ይቃወማል ትሉ ይሆናል። ይቃወማል። «ሰፈራችንን ያስጠላብናል፣ የቤት ዋጋ ይወርዳል» የሚል ማመልከቻ፣ የአሥራ ሁለት አባወራ ፊርማ ያለበት፣ በማግስቱ ጠረጴዛችሁ ላይ ይደርሳል። ዕድራችን ለሬሳ ድንኳን ይጥላል፤ በሕይወት ላለ ሰው ግን አንድ ግቢ አይፈቅድም። በቤልጅየም ጌል የምትባል ከተማ አለች፤ ሰዎቿ የአእምሮ ሕሙማንን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በየቤታቸው ሲያስተናግዱ ኖረዋል። የቤት ዋጋ ወርዶ ከተማዋ አልፈረሰችም። እኛም በ2002 ዓ.ም. የተቀበልነው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ሰው በማኅበረሰቡ መካከል የመኖር መብት አለው ይላል።

አሁን ቁም ነገር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በአንቀጽ 12 በመንግሥት ወይም በበጎ አድራጎት ድርጅት ለሚካሄድ ማኅበራዊ አገልግሎት ያለ ጨረታ በካቢኔ ውሳኔ ቦታ ይመደባል አለ። የከተማው ካቢኔ ሥልጣን አይበቃም ከተባለ የክልሉ ካቢኔ ጎረቤታችሁ ነው፤ በእግር ይደረሳል። ደግሞ መሬት ከመመደብ፣ ከመገንባትም በፊት የሚሠራ አለ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ። የቀበሌ ቤት የምንለው ያ ነው። ደርግ ሄደ፣ ቤቶቹ ቀሩ። በመሐል ከተማ፣ ገበያ አጠገብ፣ ሰው በሚያልፍበት ነው ያሉት፤ ማለትም የበረንዳዎቹ አጥኚዎች በመረጡት ቦታ። ጨረታ አያስፈልጋቸውም፣ የእናንተው ናቸው። የአቅመ ደካማ ቤት ለማደስ በየክረምቱ የሚወጣው ቆርቆሮና ምስማር አንዱን ግቢ ለማስተካከል ይበቃል።

ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ የሆነውን መቄዶንያን ሲጀምር የአዋጭነት ጥናት አላሠራም፤ የቤተሰቡን ቤት ከፈተ። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እዚያ ይኖራሉ፤ በ2017 ዓ.ም. ለሕንፃው ማስጨረሻ በሰይፉ ፋንታሁን የቀጥታ ሥርጭት ገንዘብ ሲሰበሰብ ከዚህ ከተማም ያልላከ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስጦታው ጥሩ ነው። ግን አዲስ አበባ ላለ ሽማግሌ በስልክ ብር እየላክን የራሳችንን ሽማግሌ ረግጠን ማለፋችን አያምርም። ማዕከላዊ ግዙፍ ሕንፃ ይሠራ የሚለውም ሐሳብ ለእኔ አይታየኝም። አምስት መቶ አልጋ ያለው አዳራሽ ለሪባን ይመቻል እንጂ ለኑሮ አይመችም። ሰው በአንድ ግቢ አሥር ሆኖ፣ ጓሮው እንሰት ኖሮት፣ ከጎረቤት ቡና እየተጠራ ቢያረጅ ይሻለዋል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አጀንዳ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ባዶ የተቀመጡ፣ ለመጋዘንነት የዋሉና በሦስተኛ ወገን የተያዙ የቀበሌ ቤቶች ዝርዝር ይቅረብ። ከዝርዝሩ ለገበያና ለሆስፒታል የቀረበ፣ ደረጃ የሌለበት አንድ ግቢ ምረጡ። ሽንት ቤቱን አስተካክሉ፣ ደህና ፍራሽ ግዙ፣ ደመወዟ የማይዘገይ አንዲት ነርስ መድቡ። ግብረ ኃይል አታቋቁሙ፣ አቅጣጫ አታስቀምጡ፣ በልዩ ትኩረትም አትያዙት። ለምረቃው እኔ ራሴ ሪባን እገዛለሁ፤ በፕሮፎርማ ሳይሆን ከሱቅ።

ከሰላምታ ጋር
የከተማው ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለክልሉ ካቢኔ፣ ምደባው የእናንተን ፊርማ ከጠየቀ እንዳይዘገይ፤
ለግዢና ንብረት አስተዳደር፣ ስለ ፍራሹ ጉዳይ፤
ለተመረጠው ግቢ ጎረቤት ለሚሆነው ዕድር፣ ያንን የተቃውሞ ማመልከቻ እባካችሁ አትፈርሙ።