የሦስተኛው ክላርኔት አያት እሮሮ

ግንቦት ሲገባ ለሜሪላንድ ሰው አበባ ይፈነዳለታል፤ ለእኔ መጥሪያ ይመጣብኛል። እዚህ አገር ባንድ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዓመቱን የሚዘጋው በፀደይ ኮንሰርት ነው፤ የልጅ ልጁ ባንድ ውስጥ ያለ አያት ደግሞ ልቅር ቢል ሰበብ አያገኝም። ወገቤን አሞኛል ብል «ወንበሩ መደገፊያ አለው»፣ ጆሮዬ ደክሟል ብል «እንግዲያው ድምፁ አይረብሽህም» ትለኛለች ልጄ። መልስ የማታጣ ልጅ አሳድጌ ራሴን ጎዳሁ።

በሩ ላይ የባንዱ ወላጆች ጠረጴዛ ዘርግተው ብስኩትና ውሃ ይሸጣሉ። ገቢው ለልጆቹ ጉዞ ነው አሉ። ለልጅ ልጄ ክላርኔቱን በወር ኪራይ ይዘንለት፣ አፉ ላይ የሚታሰረው የመቃ ስንጥር በተሰነጠቀ ቁጥር እየገዛንለት፣ አሁን ደግሞ ሊነፋብን ስለሆነ ብስኩት ግዙ እንባላለን። ገዛሁ። ስኳርህ ይጨምራል ብላ ልጄ ከእጄ ነጠቀችኝ።

አዳራሹን ተዉት። ውጭ ሰው በእጀ ጉርድ ይሄዳል፣ ውስጡ ደብረ ብርሃንን ያስንቃል። ጋቢዬን ሳልይዝ የማልሄደው ለዚህ ነው። «አባዬ፣ ሰው ያየናል» ትላለች፤ ይየና። ልጆቹ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው መድረኩን ሲሞሉት ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ምነው፣ ማን ሞተባቸው?» አለችኝ። ማንም አልሞተም፤ የኮንሰርት ልብሳቸው ነው። እኔ የማውቀው የክቡር ዘበኛ ባንድ ሲወጣ የደረቱ ቁልፍ ሳይቀር ያብለጨልጭ ነበር፤ ገና ሳይነፋ ሰው ይቆምለታል።

ከዚያ መቃኘቱ መጣ። አንዷ ልጅ አንድ ድምፅ ይዛ ትነፋለች፣ ሌሎቹ ወደ እሷ ይጠጋሉ፤ ግማሾቹ ይደርሳሉ፣ ግማሾቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። መቃኘት ለእኔ ብርቅ አይደለም። አዝማሪም ማሲንቆውን ሰው ፊት ይቃኛል፤ ግን እየቃኘም ያዜማል፣ ማንን አወድሶ ማንን እንደሚሸነቁጥም በዓይኑ ይመርጣል። እነዚህ ወደ ሰው ቀና አይሉም። ዓይናቸው ኖታው ላይ ተተክሎ ይቀራል።

ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። የማልችለው የእኛን ልጅ ማዕረግ ነው። ባንድ የገባ ሰሞን ምን እንደሚጫወት ጠየቅሁት።

«ሦስተኛ ክላርኔት ነኝ፣ አባባ።»

«ከስንት?»

«ከሦስት።»

«ዜማውን የሚጫወተው ማን ነው?»

«አብዛኛውን ጊዜ አንደኞቹ።»

«አንተስ?»

«እኔ ከሥር እሞላለሁ።»

«አይዞህ፣ በርታ፣ አንደኛ ትሆናለህ» ስለው «ሦስተኛም እኮ ያስፈልጋል» ብሎ መለሰልኝ። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስተምሯቸው ትምህርት ቤት ነው።

እኛ ያደግንበት ዘፈን አንድ ዜማ ነው ያለው። ዘፋኙ ያወጣዋል፣ ማሲንቆው ይከተለዋል፣ ተቀባዩ ያንኑ ይመልሰዋል፤ ሰርግ ቤት ያለ ሰው በሙሉ፣ ድምፁ የሻከረው ጭምር፣ ዜማው የእሱ ነው። አንተ ከሥር ሙላ ተብሎ የተቀመጠ ሰው አይቼ አላውቅም። የእኛ ልጅ ግን ከጥር ጀምሮ ማታ ማታ ምድር ቤት ይወርድና ከአንድ ድምፅ ሳይነቃነቅ ፉ... ፉ... ይላል፤ ያቆማል፤ በሹክሹክታ ይቆጥራል፤ ደግሞ ፉ። በስልክ የሚያወራን ሰው ከግድግዳ ማዶ መስማት በሉት፤ ወሬው ሌላ ቤት ነው፣ እኛ ዘንድ የሚደርሰው «እህ፣ እሺ፣ እህ» ብቻ። እናቱን ለምን ታስለፊዋለሽ ስላት ለኮሌጅ ማመልከቻ ጥሩ ነው አለችኝ። ከእኛ ሰዎች መካከል ልጁን ለሙዚቃ ሲል ባንድ ያስገባ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ሁሉም በክላርኔት ቀዳዳ የሕክምና ትምህርት ቤት የሚታየው ነው።

ወደ ኮንሰርቱ ልመለስ። መጀመሪያ ጀማሪዎቹ ወጡ፤ ስለእነሱ አልናገርም፣ ልጆች ናቸው፣ እግዜር ያሳድጋቸው። ትልልቆቹ በጆን ፊሊፕ ሱዛ ማርሽ ጀመሩ። ሱዛ እዚሁ ጎረቤታችን ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1854 የተወለደ፣ የባሕር ኃይል እግረኛውን ባንድ አሥራ ሁለት ዓመት የመራ ሰው ነው። «ስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ ፎርኤቨር» የሚባለውን ማርሹን እ.ኤ.አ. በ1896 ከአውሮፓ ሲመለስ መርከብ ላይ በሐሳቡ አቀናበረው፤ በ1987 ደግሞ በሕግ የአገሪቱ ማርሽ ሆኗል። መጨረሻው ላይ ፒኮሎ የያዙ ሁለት ልጆች ብድግ ብለው ወደ ፊት ወጡ። ከክንድ የምታጥር ዋሽንት፣ ያን ሁሉ ናስና ከበሮ ጥሳ ወጥታ ከላይ ስትጮህ የሚገርም ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዳላይ ተደረግሁ እንጂ። ከፊቴ የተቀመጠው አባት ሰሌዳ የሚያህል ታብሌት ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ልጁ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ቆማ እሱ በመስታወት ያያታል፤ እኔም የእሱን መስታወት ከኋላ አያለሁ።

እዚህ ላይ ሱዛ ወገኔ ነው። ሸክላ ማጫወቻ በተስፋፋ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1906፣ ይህ ማሽን ከቤቱ ከገባ ልጆች መሣሪያ መማር ይተዋሉ፣ ሰው መዝፈን ያቆማል ብሎ ረጅም ምሬት ጽፏል። ሰዎቹ ሽማግሌ ነው ብለው ሳይስቁበት አልቀሩም። ይህን ታብሌት ሳያይ በ1932 ማረፉ ግን ደግ ሆነለት።

ቀጥሎ የእንግሊዙ የጉስታቭ ሆልስት የወታደር ባንድ ስዊት መጣ፤ የመጀመሪያው፣ በ1909 የጻፈው። ሆልስት ራሱ ትሮምቦን ነፊ የነበረ፣ ለንደን ውስጥ በሴቶች ትምህርት ቤት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ሥራው የሚጀምረው ስምንት ባር በምትሆን አንዲት ዜማ ነው፤ ቱባውና ዩፎኒየሙ ከምድር በታች ይዘዋት ይመጣሉ። ከዚያ ያቺኑ ዜማ ይሄኛው ይቀበላታል፣ ያኛው ይቀበላታል፣ አንድ ቦታ ላይ ገልብጠው ሳይቀር ይጫወቷታል። ይሄማ እኛም ዘንድ አለ ብዬ ተመቻቸሁ፤ ትዝታም አንዷኑ ዜማ እያዞረ አይደል ሌሊቱን የሚያነጋው? እያደገ እያደገ ሄዶ መጨረሻው ላይ ባንዱ በሙሉ አንድ ታላቅ ድምፅ ሲለቅ አዳራሹ ተነቃነቀ።

ባለቤቴ ዕልል አለች።

ለካስ የመጀመሪያው ክፍል እንጂ ሥራው አላለቀም። በዚህ አገር ደንብ በክፍልና በክፍል መካከል አይጨበጨብም፤ ስለ ዕልልታ ደግሞ የተጻፈ ነገር ያለም አይመስለኝም። መሪው በትሩን እንዳነሣ ቀረ። ታብሌታሙ አባት ታብሌቱን ወደ እኛ አዞረ። ልጄ ፊቷን በፕሮግራሙ ወረቀት ሸፈነች። ባለቤቴ ግን የጀመረችውን ሦስቴ ሳትደግም አላቆመችም፤ ዕልልታ በአንድ አይቀርም። እኔም አልተቆጣኋት። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሚጠብቅ ሕዝብ ነው ሐኪም የሚያስፈልገው።

ከእረፍት መልስ ተመራቂዎቹን ማመስገን የሚባል ነገር አለ። እያንዳንዱ ተመራቂ ስሙ ይጠራል፣ አበባ ይሰጠዋል፣ የት ኮሌጅ እንደሚገባ ይነገራል፣ ይጨበጨባል። ከሆልስት ረዘመ። በዚህም መሐል አይጨበጨብም የሚል ሰው አልተነሣም።

የመጨረሻው ሥራ «የአርመን ጭፈራዎች» ይባላል፤ አልፍሬድ ሪድ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1972 ለባንድ ያቀናበረው፣ አንደኛው ክፍል። መሪው ዞሮ ጥቂት ነገር ተናገረ። ዜማዎቹ የኮሚታስ ናቸው አለ። ኮሚታስ የአርመን መነኩሴ ነበር፤ በየመንደሩ እየዞረ የገበሬውን ዘፈን በኖታ የጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1915 ቁስጥንጥንያ ውስጥ ከሌሎች የአርመን ምሁራን ጋር ተይዞ ተጋዘ፤ ሥጋው ተመለሰ፣ አእምሮው ግን አልተመለሰም፤ በ1935 ፓሪስ ውስጥ ሞተ።

መጀመሪያ ስለ አንድ የአፕሪኮት ዛፍ፣ ቀጥሎ ስለ ቆቅ የተዘፈነው ተጫወቱ። የቆቋ ቀላል ናት፣ ኮሚታስ ለልጆች የጻፋት ናት፤ ወደድኳት። ሦስተኛው ላይ ግን እግሬ ተጣላኝ። አመታቱ በአምስት ነው። እግሬ ዕድሜውን ሙሉ ችክችካ የለመደ ነው፣ ስድስት ይጠብቃል፤ እኔ ስድስተኛውን ስረግጥ እነሱ አዲስ አንድ ጀምረዋል። ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ ሆነብን። ትቼው የልጁን እጅ ማየት ጀመርኩ። መጨረሻው ዘፈን እየፈጠነ ሲሄድ የሦስተኛው ክላርኔት ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ይሮጣሉ! ይሄን አንድም ቀን ምድር ቤት ሆኖ አላሰማንም። አራት ወር ፉ ፉ እያለ ደብቆን ኖሯል።

ያን ጊዜ ነው ልነሣ የነበረው፤ ልጄ ጋቢዬን ይዛ አስቀረችኝ እንጂ። ልናገር የፈለግሁት ይህ ነው፤ እዚያ ስላልተፈቀደልኝ እዚህ ልበለው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሲሄዱ በአርመኖች ገዳም የናስ ባንድ ሲጫወት ሰሙ። ነፊዎቹ ወላጆቻቸው በዚያው ኮሚታስን ባሳበደው የአርመኖች እልቂት ያለቁባቸው ልጆች ነበሩ። አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለመንግሥቱ መዝሙር ዜማ ሠራ፣ ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፈ፤ እስከ አብዮቱ ድረስ ቆመን የሰማነው ያንን ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ ስንቱን የእኛን ዜማ ለኦርኬስትራ አቀናበረ፣ ስንቱን ሙዚቀኛ አስተማረ። ክቡር ዘበኛው፣ ጦር ሠራዊቱ፣ ፖሊሱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ባንድ በባንድ ሆኑ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከጀግና አፍ ነጥቆ በሳክስፎን ያስፎከረው በዚያ መንገድ መጥቶ ነው።

እና እንግዲህ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ፣ የናስ ባንድ ለማየት የመጣሁ ባይተዋር አይደለሁም። ለዚህ ነገር የቅርብ ዘመድ ነኝ። ለአጠገቤ ሰውዬ ይህን ሁሉ በተሰበረው እንግሊዝኛዬ አስረዳሁት፤ በትሕትና ራሱን ነቀነቀና የልጁን አበባ ፍለጋ ሄደ።

የአርመን ገበሬ ዘፈን ሜሪላንድ ድረስ መጥቶ የሐበሻ ልጅ ጣት ላይ የወጣው በተአምር አይደለም። አንድ መነኩሴ ጻፈው፣ አንድ ባለሙያ ለባንድ ከፋፈለው፣ ታተመ፣ አስተማሪው ገዝቶ በየኖታ ማስቀመጫው ላይ አኖረው። ልጁ ባንድ ከገባ ጀምሮ ከተቀመጥኩባቸው ኮንሰርቶች በአንዱም የእኛ ዜማ ፕሮግራሙ ላይ አልነበረም። አስተማሪው ጠልቶን አይደለም። የሚገዛው ወረቀት ማን አቀረበለት? ሙላቱ አስታጥቄን ዓለም ያውቀዋል፤ የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ የእኛን ዘፈን አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ተጫውቶ ሲዲ አሳትሟል። እነዚህ ግን ትልልቅ ሰዎች ናቸው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሊነፋው የሚችል፣ ከፒኮሎ እስከ ቱባ ለየመሣሪያው የተከፋፈለ አንድ አምባሰል፣ አንድ ባቲ ነው የምለው።

ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመርቃችሁ ዋሽንግተንና አካባቢው ታክሲ የምትነዱ፣ በየምሽቱ ምግብ ቤት ኪቦርድ የምትጫወቱ ወንድሞችና እህቶች፣ ኖታ ትጽፋላችሁ፤ ጻፉልን። የልጆቻችሁን አስተማሪ በር አንኳኩና ስጡት፤ አዲስ ነገር ሲመጣለት እምቢ አይልም። ስትከፋፍሉት ደግሞ አደራችሁን ሁሉንም ለአንደኞቹ አታሸክሙ። ለሦስተኛ ክላርኔት ዜማ ስጡት፤ ቢያንስ ስምንት ባር።