የ25 ሚስማሩ ገመድ ጣጣ

ወዳጄ፣ ቡናው እስኪፈላ የአንድ ገመድ ጣጣ ልንገርህ። እዚህ ሰቆጣ የእህል መጋዘን ያላቸው ጎረቤቴ ደረሰኝ የሚያትሙት በዚያ ጩኸታሙ የኤፕሰን ዶት ማትሪክስ ነው። አብዛኞቹ አዲስ ፕሪንተሮች ወረቀቱን አይመቱም፤ ይህ ግን በመርፌ እየመታ ስለሚጽፍ ከካርቦኑ ሥር ያሉት ቅጂዎችም አብረው ይወጣሉ። አሮጌ ነው ተብሎ ያልተጣለውም ለዚህ ነው።

ታዲያ አይጥ ገመዱን በላው። «ልጄ፣ ወልድያ መውረድህ ካልቀረ እንዲህ ያለ ገዝተህልኝ ና» አሉኝ። የተበላውን ይዤ ሄድኩ። ባለሱቁ ባለ 25 ሚስማሩን ጫፍ ብቻ አየና «ይኸው 25» ብሎ አዲስ ሰጠኝ፤ ሌላውን ጫፍ ዞሮም አላየው።

ሰቆጣ ስገባ የገበያ ቀን ነበር። የአዲሱ ገመድ ባለ 36 ሰፊ ጫፍ ማተሚያው ላይ ጥርቅም ብሎ ገጠመ። «ተባረክ!» አሉኝ ጎረቤቴ፤ የተሰለፈውም ሰው ደስ አለው። ሌላውን ጫፍ ይዤ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያለው ግን 9 የቆሙ ሚስማሮች ብቻ። ባዞረው፣ ብገለብጠው የት ይግባ! ከላይ «አለቀ?» ይላሉ፣ ከታች እኔ አቧራ ለብሼ ዝም። ደረሰኙ ያን ቀን በእጅ ተጻፈ፤ ያ ሁሉ ሰው ፊት ከጠረጴዛ ሥር መውጣት እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቀኝ።

ማታ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ መጣ። «ጋሼ፣ የሰጡህ ፓራለል ነው፤ የእናንተ ሲሪያል ነው» አለኝ። ድሮ አሞሌ ጨው ጭነው ወደ ሰቆጣ የሚመጡ አህዮች በገደሉ ጠባብ መንገድ አንድ በአንድ ይከታተላሉ፣ ሜዳ ላይ ስምንቱም ጎን ለጎን ይነዳሉ አይደል? ሲሪያል ገደሉ፣ ፓራለል ሜዳው ነው። ፓራለል 8 ቢት በ8 ሽቦ እኩል ይልካል፤ ሴንትሮኒክስ የተባለው ኩባንያ በ1970 እ.ኤ.አ. ለማተሚያ ያመጣው ነው። ገመዱ ሲረዝም ግን አንዱ ቢት ቀድሞ ሌላው ይዘገያል፣ መልእክቱም ይበላሻል። በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲሪያል ደንብ፣ አርኤስ 232፣ ቢቶቹን ተራ በተራ ስለሚልክ 15 ሜትር ያህል ይሄዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይህ ነው። ዛሬ የምንሰካው ዩኤስቢም የሲሪያል ዘር ነው፤ በመጨረሻ ያሸነፈው ተራ ጠባቂው ሆነ።

ልጁን ያመሰገንኩት ግን ከዚህ በኋላ ባደረገው ነው። ሲሪያል ጥቂት ሽቦ ይበቃዋል፤ አንድ መላኪያ፣ አንድ መመለሻ፣ ማተሚያው «ቆይ፣ ሞልቶብኛል» የሚልበት አንድ። አይጥ የበላውን ቆርጦ እነዚያን ብቻ በየዳቸው። መጀመሪያ የወጣው ደረሰኝ ኮከብና ጭረት ነበር። ሁለቱ ወገን የሚነጋገሩበት ፍጥነት አልተስማማም ነበርና ሁለቱንም 9600 አደረገው። ከዚያ «ጤፍ» የሚለው ቃል ወጣ። የእኛ ፊደል በማተሚያው ውስጥ ስለሌለ እንደ ሥዕል ነው የሚላከው፤ በሲሪያል ሲሆን ትንሽ ያዘግማል፣ ይሁን።

እናንተ ገመድ ሻጮች፣ እባካችሁ «25» ብላችሁ ብቻ አትሽጡ፤ ከሰቆጣ ወልድያ ተመልሶ ገመድ መቀየር ቀላል አይደለም። አንተም ወዳጄ፣ ከመውረድህ በፊት የኮምፒውተሩንም የማተሚያውንም ጀርባ በስልክህ ፎቶ አንሳ። በአሮጌ ኮምፒውተር ጀርባ 25 ቀዳዳ ካየህ ፓራለል ነው፤ የቆመ ሚስማር ካየህ፣ 9ም ሆነ 25፣ ሲሪያል ነው። ማተሚያው ላይ ግን ሲሪያሉም 25 ቀዳዳ ሊሆን ይችላል፤ ስለገባ ብቻ አትመነው።