ጣሪያሽ ለሚያፈስብሽ እህቴ

እህቴ፣ አይዞሽ። ካርቱም ዴም ሰፈር፣ ከሰል ምድጃ ዳር ተቀምጠሽ ሻይ እየሸጥሽ ባጠራቀምሽው ገንዘብ ያሠራሽው የአዲስ አበባው ቤት ያፈሳል ብለው ደውለውልሻል። ክረምቱ የ2016 ነው፣ አንቺም ገና ከሱዳን አልወጣሽም። አትጨነቂ። ረጋ ብለሽ ተቀመጪ። የምልሽንም በየተራ አድርጊ።

መጀመሪያ፣ ጣሪያውን አታስጠግኚ።

ክፋት አይምሰልሽ፤ ሒሳብ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ አከራይ ከዓመቱ ኪራይ 50 በመቶውን ለጥገና፣ ለእድሳትና ለእርጅና ብሎ ይቀንስለታል። ከእሱ በፊት፣ በ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 286፣ ተቀናሹ ከአምስት አንድ እጅ ብቻ ነበር። እስቲ ቁጭ ብለሽ አስቢው። ቤቱ በወር 15,000 ብር ቢከራይ በዓመት 180,000 ይሆናል። ከዚያ ላይ 90,000ው ለጥገና ተብሎ ይነሳልሻል፣ በቀረው ላይ ትከፍያለሽ። አስጠገንሽም አላስጠገንሽም ያው 90,000 ነው። አንዲት ሚስማር አሳዪ የሚልሽ የለም። 40,000 አውጥተሽ ቆርቆሮውን ብታስቀይሪ ምን ይጨመርልሻል? ምንም። ልብሽ ራርቶ 120,000 ብታፈሺበትስ? አሁንም ያው 90,000። ሕጉ ጠግኚ አላለሽም፤ እንደጠገንሽ ቆጥሮልሻል። የሰውን ቃል እንዲህ አምኖ የሚቀበል ሌላ መሥሪያ ቤት ታውቂያለሽ?

መዝገብ ልያዝ ብለሽም አትነሺ። መዝገብ ለያዘ የወጣው ወጪ፣ የብድር ወለዱና የኢንሹራንሱ ክፍያ ሳይቀር ይቀነስለታል፤ መልካም ነው። ግን ማስረጃ ይፈልጋል። አንቺ ቤቱን የሠራሽው በእቁብ ነው፣ እቁብ ደግሞ ወለድ የለውም። ቧንቧ ሠራተኛውን ደረሰኝ ብትጠይቂው መፍቻውን መሬት ላይ አስቀምጦ "የምን ደረሰኝ?" ብሎ ያይሻል። ሰውየውን አታስቀይሚ።

ተከራይሽን ግን አጽናኚያት። ራስሽ ደውዪላት። በልጆቿ ጤና ጀምሪ። ውሃው የሚንጠባጠበው በየትኛው አልጋ ላይ እንደሆነ ጠይቂ፤ መጠየቅ ወጪ የለውም። አልጋውን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጊው በያት። ባልዲ ግን አትላኪላት። የባልዲው ዋጋ 90,000ው ውስጥ ስለተካተተ ሁለተኛ አይቀነስልሽም። ከምትከፍለው ኪራይ ግማሹ ለዚሁ ጣሪያ እንደሚታሰብም አትንገሪያት። በከንቱ ትከፋለች። የዝናቡ ነገር በዓይነ ሕሊናሽ አልታይ ቢልሽ ራስሽን አትውቀሺ፤ ካርቱም ላይ ከሰማይ የሚመጣው ይበልጡን አቧራ ነው።

ውሉን በጽሑፍ አድርጊ። ዘንድሮ የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። ወንድምሽ በውክልና ይፈርምልሽ። ስለ ጣሪያው መስመር አያስገባ።

እንግዲህ አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ እሱም ስለ መመለስ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ በትንሣኤ ዋዜማ፣ ካርቱም ላይ ተኩስ ሲከፈት ብዙ ወገን የያዘውን ይዞ በገላባት በኩል መተማ ገብቷል። አንቺም ከመጣሽ፣ እንኳን በሰላም መጣሽ። በቀጥታ ወደ ቤትሽ ሂጂ። በሩን አንኳኪ። ዋናውን ቤት አልጠይቅም በዪ፤ ተከራይዋ ገና ሁለት ዓመቷን አልጨረሰችም፣ ውሉም ያንቺው ነው። ጓሮ ያለችው ሰርቪስ ክፍል ባዶ ናት። ከሁሉ የምታፈሰው እሷ ስለሆነች ማንም አልተከራያትም። ፍራሽሽን ከበሩ አጠገብ አንጥፊ፣ እዚያ ጋ ይሻላል። ባልዲ ከተከራይሽ ተዋሺ። ሁለት አላት፣ ደግሞ ደግ ሴት ናት።