ልሄድ ነው ባይ

የእንግሊዝ ሕዝብ በዋጋ ላይ ቃል መለዋወጥን እንደ ነውር የሚቈጥር፣ ተጽፎ የተለጠፈውን ቍጥር ያለ አንዳች ማጕረምረም ከፍሎ የሚሄድ ሕዝብ መሆኑን፣ በለንደን ከተማ ጥቂት ዘመን የኖረ ሐበሻ ሁሉ ይመሰክራል። በትልቁ የምግብ መደብር ውስጥ አንዲት ጣሳ ቲማቲም አንሥቶ «የመጨረሻውን ንገሪኝ» የሚል ሰው ቢገኝ፣ ሻጯ አለቃዋን ሳይሆን ሐኪም ልትጠራለት ትችላለች። የዚህ ልማድ ሥር በከፊል ሃይማኖታዊ መሆኑን ያወቅሁ ዕለት እጅግ ተደንቄአለሁ፤ በ17ኛው መቶ ዓመት ጆርጅ ፎክስ የተባለው ሰባኪ ያስከተላቸውና ኩዌከር እየተባሉ የሚጠሩት ምእመናን፣ ነጋዴ አስቀድሞ አንድ ዋጋ ጠርቶ ኋላ በሌላ ዋጋ መሸጡ ሐሰት ነው፣ ክርስቲያንም ቃሉ አንድ ይሆን ዘንድ ታዝዟል በማለት፣ በየሱቃቸው የማይጨመርና የማይቀነስ አንድ ዋጋ ብቻ ይጠሩ ጀመር። ገበያተኛው በመጀመሪያ ሸሻቸው፤ ኋላ ግን ሕፃን ልጅ ቢላክ እንኳ ሳይታለል ገዝቶ የሚመለስባቸው ሱቆች የእነርሱ መሆናቸውን ባየ ጊዜ ተመልሶ ጐረፈባቸው፤ እውነት መናገርም ከጽድቅነቱ ሌላ ትርፍ ያለው መሆኑ ታወቀ።

ይሁን እንጂ ይህ ቃሉ አንድ የሆነ ሕዝብ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፣ የሳሎኑን በር ዘግቶ፣ ስልኩን ከጆሮው አጣብቆ፣ አያቶቹ የተዉትን ክርክር እንደ አዲስ የሚያነሣበት አንድ ጉዳይ አለው፤ እርሱም የቤቱ የኢንተርኔትና የቴሌቪዥን ኮንትራት ነው። በዚህ ጉዳይ ብቻ፣ በአውቶቡስ ሰልፍ ላይ እግሩን የረገጠውን ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው እንግሊዛዊ ፍጹም ሌላ ሰው ይሆናል፤ ያስፈራራል፣ ያኰርፋል፣ ዝም ይላል፣ ያገኘውንም ቅናሽ በማግሥቱ በቢሮው ለባልንጀሮቹ እንደ ጀብዱ ይተርካል።

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። ኩባንያው አዲስ ሰው ሲያስገባ የሚጠራው የመግቢያ ዋጋ ነው፤ 18 ወይም 24 ወር ቈይቶ ኮንትራቱ ሲያልቅ፣ ደንበኛው ሶፋው ላይ እንደ ተቀመጠ፣ ሒሳቡ ብቻውን ይነሣና አንዳንድ ጊዜ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ትናንት የገባው ጎረቤት ግን በዚያው መንገድ ሥር በተቀበረው በዚያው መስመር፣ ያንኑ ፍጥነትና ያንኑ ቻናል በርካሽ ያገኛል። ከዚህ የምንረዳው፣ በዚህ ንግድ ዘንድ ታማኝነት የሚያሸልም ምግባር ሳይሆን የሚያስቀጣ ጥፋት መሆኑን ነው፤ መቀጮውም በየወሩ በዳይሬክት ዴቢት ከባንክ ይቈረጣል። ይህን የምለው በምሬት ብቻ አይደለም። ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው፣ ለተራው ሰው ምክር የሚሰጠው ድርጅት በ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው የምጠራው) ለውድድር ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባቀረበው አቤቱታ፣ በኢንተርኔት፣ በሞባይል፣ በቤት መድን፣ በቤት ብድርና በቍጠባ ሒሳብ ነባሮቹ ደንበኞች ባለመንቀሳቀሳቸው ብቻ በዓመት ከ4 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ እንደሚያጡ አስልቶ ነበር። ለቤትና ለመኪና መድን፣ ነባሩን ደንበኛ ከአዲሱ አስበልጦ ማስከፈል ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ተከለከለ። ለኢንተርኔት ግን ኦፍኮም የተባለው የመገናኛ ተቈጣጣሪ የመረጠው ለስለስ ያለውን መንገድ ነው፤ ከፌብሯሪ 2020 ጀምሮ ኩባንያዎቹ፣ ኮንትራቱ ሊያልቅ ከ40 እስከ 10 ቀን ሲቀረው፣ አሁን ስንት እንደሚከፈል፣ ኋላ ስንት እንደሚሆን፣ የተሻለ ዋጋ ካላቸውም እርሱን ጭምር ለደንበኛው እንዲያሳውቁ አዘዘ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የሚገፈፍ ሰው ሁሉ ቀኑና ልኩ አስቀድሞ በጽሑፍ ተነግሮት ይገፈፋል።

ለእኔም ደብዳቤው ደረሰኝ። የላከውን ኩባንያ በስሙ አልጠራውም፤ እርሱን ብጠራ ሌሎቹ ወንድሞቹ ንጹሓን ይመስላሉና። እስከዚያ ቀን 38 ፓውንድ ስከፍል የነበርሁት ሰው ከሚመጣው ወር ጀምሮ 67 እንደምከፍል፣ ስላሳየሁት ታማኝነትም እንደሚያመሰግነኝ በሁለት ተከታታይ መስመር ጽፎልኛል። ቢሉን ይዤ ምን እንደምገዛበት ለማወቅ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥሁ። ከ200 የሚበልጠውን ቻናል አንድ በአንድ ስገላልጥ፣ በአንደኛው አሮጌ የሻይ ማንቈርቈሪያ በጨረታ ይሸጣል፤ በሌላው ለዕረፍት የሚሆን ቤት በስፔን የሚፈልጉ ባልና ሚስት ይጣላሉ፤ በሦስተኛው አንድ ዝናብ ልብስ የለበሰ ሰው ከብዙ ትዕግሥት በኋላ ክንድ የሚያህል ዓሣ ከሐይቅ አውጥቶ፣ መዝኖ፣ ዐቅፎ ፎቶግራፍ ከተነሣ በኋላ መልሶ ወደ ውኃው ለቀቀው። ባለቤቴ የምታያቸው የአማርኛ ድራማዎችና የእሑድ ማለዳው ቅዳሴ የሚመጡት በዩቲዩብ ነው፤ ልጃችን ከአርሰናል በቀር የሚያየው የለውም፤ እንግዲህ ለዚያ ለተለቀቀው ዓሣ የምከፍለው እኔ ብቻዬን ነኝ ማለት ነው። ለቢቢሲ የሚከፈለው፣ በ2025 ወደ 174.50 ፓውንድ ከፍ ያለው የዓመት ፈቃድ በዚህ ውስጥ አልተቈጠረም፤ እርሱ በመንግሥት የተቈረጠ ስለ ሆነ ማንም አይከራከርበትም፤ ልብም ያርፋል።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጸበል ጸዲቅ ቀምሰን ቡና ስንጠጣ ነገሩን ለምእመናኑ አቀረብሁት፤ በከተማው ውስጥ ያሉት የሕግ ጠበቆች ሁሉ ቢሰበሰቡ የዚያን ያህል ምክር አይገኝም። የአውቶቡስ ሹፌር የሆነው ወዳጄ፣ ስልኩን መጀመሪያ ከሚያነሣው ሰው ጋራ መከራከር ከንቱ ድካም እንደ ሆነ አስረዳኝ፤ እርሱ የመቀነስ ሥልጣን የለውም፤ «ልሄድ ነው» ያልህ እንደ ሆነ ግን ደንበኛ ለማስቀረት ብቻ ወደ ተቀመጡት፣ የተሸሸገውም ዋጋ ወዳላቸው ሰዎች ያሻግርሃል አለኝ። «ጋሼ፣ ተፎካካሪያቸው የሚጠራውን ዋጋ በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ቍጥር የሌለው ዛቻ አይሰማም» አለችኝ አንዲት ነርስ። ከዚያም እያንዳንዱ የሚከፍለውን ይናገር ጀመር፤ ለዚያው ለአንዱ ኩባንያ፣ ለዚያው ለአንዱ ዕቃ፣ አንዱ 33፣ አንዱ 45፣ አንዱ 59 ይከፍላል፤ 59 ከፋዩ ቡናውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። በዚያ ሸንጎ የሰማሁት ከሁሉ የሚጠቅም ነገር ግን ክርክር የማያስፈልገው ነው፤ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን ድጎማ ለሚያገኙ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ከ12 እስከ 20 ፓውንድ ገደማ የሚሆን ልዩ የኢንተርኔት ዋጋ አላቸው፤ ካልጠየቋቸው ግን እምብዛም አይናገሩም፤ ሌሊት ቢሮ ሲያጸዱ ከሚያድሩት እኅቶቻችን ብዙዎቹ አልሰሙም።

ምክሩን ይዤ ወደ ቤት ብገባም ስልኩን ለማንሣት እጄ አልታዘዝልህ አለኝ። ለጥቂት ፓውንድ ብሎ ፈረንጅ መለመን የሚል ይሉኝታ ያዘኝ፤ ደግሞም እኛ የምናውቀው ክርክር እግር ያለው ክርክር ነው። በመርካቶ ገዢው ዋጋ ጠርቶ እንቢ ሲባል፣ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ነጋዴውም እርምጃውን እየቈጠረ፣ እውነት የሚሄድ ወይም ለይምሰል የሚሄድ መሆኑን ከትከሻው አኳኋን መርምሮ፣ በትክክለኛው ደቂቃ «ና እንካ፣ ውሰደው!» ብሎ ይጠራዋል። በስልክ ግን ጀርባ የለም፣ ትከሻም የለም፣ ወዴት ዞሮ ይኬዳል? መሄድን በድምፅ ብቻ ማሳየት ያስፈልጋል፤ ይህም ከተዋናይ እንጂ ከጡረተኛ አይጠበቅም። ሕጉም በበኩሉ ጨዋታውን አቅልሎታል፤ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ኢንተርኔቱን የሚለውጥ ሰው ለአዲሱ ኩባንያ መንገር ብቻ ይበቃዋል፤ ከአሮጌው ጋራ የሚያለያየው አዲሱ ራሱ ነው። ነገር ግን ይህ ሥርዓት የሚሠራው ለኢንተርኔትና ለቤት ስልክ ስለ ሆነ፣ እንደ እኔ ቴሌቪዥን የጨመረበት ሰው ሞቱን ራሱ ሊያረዳ ይገደዳል።

ደወልሁ። አንዲት በመቅረፀ ድምፅ የተያዘች ሴት ለቢል 1ን፣ ለብልሽት 2ን ተጫን እያለች ቈየችና፣ ስለ መልቀቅ ለሚያስብ ሰው የተመደበውን ቍጥር በመጨረሻ ተናገረች። ማስጠበቂያ ሆኖ ከተሰማው የቫዮሊን ዜማ በኋላ የመጣው ወጣት በንግግሩ የስኮትላንድ ሰው ይመስለኛል፤ ትሑትና ጨዋ ነው። «ልንለያይ በመሆናችን አዝናለሁ፤ ምክንያቱን ሊነግሩኝ ይችላሉ?» አለኝ። እኔም ስለ ታማኝነቴ፣ ስለ ጡረታ አበሌ፣ ስለዚያም ዓሣ አጥማጅ በረዥሙ አስረዳሁት፤ የጽሕፈት መሣሪያው ድምፅ እየተንቋቋ ይሰማኛል። ባለቤቴ ድምፁን ከፍ አድርጌው ስለ ነበረ ሁሉን እየሰማች፣ በማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«61 አደርግልዎታለሁ» አለ ወጣቱ። ባለቤቴ ቀና ሳትል የቢላዋዋን ጫፍ ወደ ታች አመለከተችኝ፤ ገና ይወርዳል ማለቷ ነው። ነርሷ እንደ መከረችኝ የጻፍሁትን ወረቀት አውጥቼ የተፎካካሪውን 36 ፓውንድ አነበብሁለትና ዝም አልሁ። ዝምታ ለእኛ አገር ሰው አይከብድም፤ እንግሊዞች ግን በስልክ ላይ ዝም ሲባሉ አንድ ሰው የሞተባቸው ይመስላቸዋል። «ጌታዬ፣ መስመር ላይ ነዎት?» ሲል «አለሁ ልጄ» አልሁት። 55 አለ። ቢላዋዋ አሁንም ወደ ታች። «እስቲ አለቃዬን ልጠይቅልዎት» ብሎ ወደ ቫዮሊኑ መለሰኝ፤ በዚህን ጊዜ ልቤ ሞላ፤ «ባለ ሱቁን ልጠይቅ» ብሎ ወደ ጓዳ ገብቶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ውኃ ጠጥቶ የሚመለሰውን ነጋዴ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁና። ሲመለስ 44 ሆነ። ባለቤቴ በሹክሹክታ «አዲስ ራውተር» አለችኝ፤ አሮጌው ሙቀት በዝቶበት እንደሚዳክር ታውቃለች፣ የሚሞቀው እርሷ ባለበሰችው ዳንቴል ምክንያት መሆኑን ግን አትቀበልም። ከራውተሩ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ቀረን፤ እኔ 40 አልሁ፣ እርሱ 42 አለ፣ በ41 ተዋዋልን፤ ለምራቂ የስፖርቱን ቻናል ለሦስት ወር በነጻ ጨመረልን። ምራቂው የሚያልቅበትን ቀን ባለቤቴ በማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው፣ በዓላትን በሚያሳየው የቤተ ክርስቲያን ካሌንደር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈችው፤ በነጻ የገባ ቻናል ካልተባረረ ሒሳብ ይዞ እንደሚቀመጥ ከእኔ ይልቅ እርሷ ታውቃለች።

ከዚያ ወዲያ ወጣቱ ሕጉ የሚያዝዘውን ሁሉ ያነበንብልኝ ጀመር። ኮንትራቱ 24 ወር ነው፤ በ14 ቀን ውስጥ ሐሳቤን ብለውጥ መሰረዝ እችላለሁ፤ በየኤፕሪሉ 3 ፓውንድ ይጨመራል። ጭማሪው በቍርጥ ገንዘብ መነገሩ የኦፍኮም ትሩፋት ነው፤ ከጃንዋሪ 2025 በፊት በተፈረሙት ብዙ ኮንትራቶች ላይ ጭማሪው ከኑሮ ውድነቱ መለኪያ ጋራ የታሰረና በላዩም ብዙ ጊዜ 3.9 በመቶ የሚታከልበት ነበር፤ በ2023 ጸደይ ብዙ ሰው 14 በመቶ ያህል ተጨምሮበት ያለቀሰው በዚያ ምክንያት ነው። በየአንቀጹ መጨረሻ «ተስማምተዋል?» ይለኛል፤ «ተስማምቻለሁ» እለዋለሁ።

ሥርዓቱ ሲፈጸም ወጣቱ ድምፁን ለወጥ አድርጎ ሣቀ። «ጌታዬ፣ ጥሩ ተከራከሩ» አለኝ፤ «እናቴ የዚሁ የእኛው ደንበኛ ናት፤ ደውዪና ጠይቂ፣ ልሄድ ነው በዪ እያልሁ ብለምናት፣ እንዴት ብዬ ሰዎቹን ላስቸግር እያለች ይኸው ሙሉውን ትከፍላለች።»

«ስንት ነው የምትከፍለው?» አልሁት።

«72» አለ።

ባለቤቴ ቢላዋዋን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «የሴትዮዋን ስልክ ቍጥር ተቀበለው» አለችኝ፤ «እኔ ሄጄላት እደውልላታለሁ።»